ዋንዛ ይበላል

ባለፈው ሳምንት ሥራ ቦታ ሻይ እየጠጣን «እኔ እኮ ዋንዛ እየበላሁ ነው ያደግሁት» አልኩ። ከተቀመጥነው አምስት ሰዎች ሦስቱ ዞረው አዩኝ። «ዋንዛ ይበላል እንዴ?» አለችኝ አንዷ። ሌላው አልጋውና ቁም ሳጥኑ ዋንዛ እንደሆኑ፣ ከወላጆቹ እንደወረሳቸው፣ እስከ ዛሬ አንድም ቦታ እንዳልተነቃነቁ ነገረን። የጅማዋ ልጅ ብቻ ፊቷ በራ። «ዋዴሳ!» አለች በኦሮምኛ። ከዚያ በኋላ ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ሁለታችን ብቻ አወራን። እነሱ ሰፈር ስንት ዛፍ እንደነበር፣ ማን እንደሚወጣ፣ ማን ከታች እንደሚለቅም፣ እጅ እንዴት እንደሚጣበቅ። በእኔና በእሷ ሰፈር መካከል በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አለ፣ ልጅነታችን ግን አንድ ዛፍ ሥር ያለፈ ይመስል ነበር።

ማታ ቤት ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ዋንዛ ስንል ጣውላ ብቻ የሚታየን ከሆነ ብዙ ነገር እያጣን ነው። ዋንዛ የሚበላ ዛፍ ነው። እንጨቱ የሚገኘው ሲሞት ነው፣ ምግቡ ግን ቆሞ ነው።

እኔ ያደግሁት ምዕራብ ጎጃም ነው። ከቤታችን ጓሮ አንድ፣ ከበቆሎው ማሳ መሀል ደግሞ ሁለት ዋንዛዎች ነበሩ። የጓሮው ትልቁ ነበር። ግንዱ ቀጥ አይልም፣ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ከሰው ቁመት በላይ ይከፈልና እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ከመዳፍ ይበልጣል፣ ላዩን ስትነኩት ሸካራ ነው። ክረምት ላይ ከሥሩ ብትጠለሉ ዝናቡ ካባራ በኋላም ጠብታው ለብዙ ጊዜ ይቀጥላል።

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ያብባል። አበባው ነጭ ነው። እንደ ትንሽ ጡሩንባ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ወረቀት ስስና ሽብሽብ ብሎ፣ በእቅፍ በእቅፍ ሆኖ ዛፉን ይሸፍነዋል። ሽታው ደስ ይላል። ጠዋት በራችንን ስንከፍት መጀመሪያ የሚሰማን የንቦቹ ድምፅ ነበር። አበባው ሲረግፍ ደግሞ መሬቱ ነጭ ይሆናል፣ እኛ ሴቶቹ ከመሬት እየለቀምን በሣር እንሰካካውና አንገታችን ላይ እናደርገው ነበር።

ይህን አበባ አይቶ የተደነቀ የውጭ ሰው ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ አገራችን ቆይቶ ጎንደር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ ታሪኩ ላይ ስለ ዋንዛ ጽፏል። ጎንደር ውስጥ እያንዳንዱ ቤት ዙሪያ ሁለት ሦስት ዋንዛ ተተክሎ ስለነበር ከተማዋ ከከፍታ ላይ ስትታይ ጫካ ትመስል ነበር ይላል። በእነሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ደግሞ በአንድ ሌሊት በአበባ ተሸፍና፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰች ወይም በረዶ የወረደባት ትመስል እንደነበር ጽፏል። ይህን ያነበብኩ ቀን በጣም ደነገጥኩ። ጎንደርን ስናስብ ግንቡ ነው የሚመጣልን። አንድ ከተማ ሙሉ ዋንዛ ተተክሎባት፣ የንጉሡም የድሃውም ግቢ በአንድ ሌሊት ነጭ ሲለብስ ማን ያስባል? ብሩስ ወደ አገሩ ተመልሶ ሥዕሉን ካሳተመ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1792፣ ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ላማርክ ኮርዲያ አፍሪካና የሚል ሳይንሳዊ ስም አወጣለት። ኮርዲያ የሚለው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ከቫሌሪየስ ኮርዱስ ስም የመጣ ነው። ቆየት ባሉ መጻሕፍት ላይ ኮርዲያ አቢሲኒካ ተብሎ ታገኙታላችሁ፣ ያው ዛፍ ነው። በኦሮምኛ ዋዴሳ፣ በትግርኛ አውሒ ይባላል።

ወደ ፍሬው ልምጣ፣ የመጣሁት ለእሱ ነው።

ፍሬው ትንሽ ነው፣ ክብ፣ ከሽንብራ ከፍ የሚል። ከሥሩ ያለችው ጽዋ የመሰለች ሽፋን አትለቀውም፣ እንቁላል በማስቀመጫው ላይ እንደተቀመጠ አድርጋ ትይዘዋለች። ጥሬው አረንጓዴ ነው፣ አፍ ይይዛል፣ ምላስ ያደርቃል። ሲበስል ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። እኛ ሰፈር ዋናው ጊዜ ከጥምቀት በኋላ ነው። ያኔ ዛፉ ቅጠሉን ማርገፍ ስለሚጀምር ፍሬው ከሩቅ ይታያል።

አበላሉ እንዲህ ነው። ጽዋዋን በሁለት ጣት ትይዛላችሁ፣ ወደ አፋችሁ አስጠግታችሁ ጨመቅ ታደርጋላችሁ። ፍሬው ተንሸራትቶ ይገባል። ጣፋጭ ነው፣ ግን እንደ ማንጎ ወይም እንደ ብርቱካን ውሃ ያለው ጣፋጭ አይደለም። ዝልግልግ ነው። ተልባ ውሃ ውስጥ አድሮ የሚሆነውን አስቡት፣ እሱ ላይ ማር ጨምሩበት፣ ወደዚያ ይጠጋል። መሀሉ ላይ ጠንካራ ዘር አለ። ዙሪያውን በምላስ እየመጠጣችሁ ጣፋጩን ከጨረሳችሁ በኋላ ዘሩን ትተፋላችሁ። መጀመሪያ የሚበላ ሰው ዝልግልጉ ሊከብደው ይችላል። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ላይ ግን እጅ አይመለስም።

ዛፉ ላይ የሚወጣው ወንድም ጋሼ ነበር። እኔና እህቴ ነጠላ ዘርግተን ከታች እንቆማለን። ቅርንጫፉን ሲያናውጠው የበሰለው ብቻ ይወርዳል፣ ጥሬው ይቀራል። ይህን ያስተማረችን አያታችን እምዬ ናት። ቅርንጫፍ ሰብሮ መልቀም እሷ ፊት የማይታሰብ ነበር። «አናውጡት እንጂ አትስበሩት፣ የከርሞውን ነው የምትሰብሩት» ትል ነበር። ጫፍ ጫፉ ላይ ያለውንም አታስነካንም። የወፎቹ ነው። ያኔ ለወፎቹ አዝና ይመስለኝ ነበር። ትልቅ ሆኜ ነው የገባኝ። ወፎቹ በልተው ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥሉታል፣ ማሳችን መሀል የበቀሉት ሁለቱ ዋንዛዎችም ማንም ያልተከላቸው ወፍ ዘራሽ ናቸው።

የዋንዛ ወቅት መቼ እንደሆነ ልብ በሉ። በጋ ነው። እሸቱ አልፏል፣ በቆሎው ተሸልቅቆ ጎተራ ገብቷል፣ ጎመኑ ደርቋል፣ ሣሩ ስለጠፋ የላሟም ወተት ቀንሷል። ልጆች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከብት ጋር ሜዳ ላይ ናቸው። ጠዋት ቆሎ በኪስ ተይዞ ይወጣል፣ ማታ ይገባል። በዚያ መሀል ያለውን ረጅም ቀን የሚሞላው ዋንዛ ነው፣ ሾላ ነው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ አጋምና ዶቅማ፣ እንኮይና ኮሽም ነው። እረኛ የሚበላውን ማንም አይቆጥርለትም። ቤት ውስጥ ስለተበላው እንጀራ ይወራል፣ ሜዳ ላይ ስለተበላው ፍሬ ግን ማንም አያነሳም። እኔ ግን እነዚያ ዛፎች ባይኖሩ ልጅነታችን ምን ያህል ይራብ እንደነበር አሁን ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ብዙ አትብሉ ትለን ነበር እምዬ፣ በተለይ በባዶ ሆድ። ሆድ ያላላል ትላለች። እውነትም ያላላል፣ ሁላችንም አይተነዋል።

ከበላነው የተረፈው ደግሞ ሙጫ ነው። ደብተራችንን በጋዜጣ የምንለብደው በዋንዛ ነበር። አንድ የበሰለ ፍሬ ትጨምቁና ዝልግልጉን ወረቀቱ ላይ ትቀባላችሁ፣ ትጫኑታላችሁ፣ ሲደርቅ አይላቀቅም። የተቀደደ ገጽም እንደዚያው ነበር የምንጠግነው። የሂሳብ ደብተሬ ላይ ጉንዳን ይሰለፍ የነበረው በዚያ ምክንያት ነው፣ ስኳር አለዋ።

ማሩን ረሳሁት እንዳትሉኝ። ዋንዛን ብዙ ሰው የሚቀምሰው በማር በኩል ይመስለኛል፣ ሳያውቀው። አጎቴ ንብ ያረባ ነበር። ቀፎዎቹን የሚሰቅለው ዋንዛው ላይ ነው። ምክንያቱን ስጠይቀው «ቤታቸውም ማዕዳቸውም አንድ ቦታ ይሁን ብዬ ነዋ» አለኝ። የዋንዛ አበባ የአበባ ማርም የአበባ ዱቄትም ይሰጣል፣ ያውም አደይ ሜዳውን ቢጫ በሚያደርግበት ሰሞን አካባቢ ስለሚያብብ የጥቅምትና የኅዳሩ ማር ውስጥ ድርሻው ትልቅ ነው። ማር የሚያውቁ ሰዎች ይህ የገተማ ነው፣ ይህ የግራዋ ነው፣ ይህ የብሳና ነው ብለው በቀለሙና በጣዕሙ ይለያሉ። አጎቴ ግን የእኛን ማር የአንድ አበባ ነው ብሎ አያውቅም። ከማሩ ቆርሶ ሲሰጠን «ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከታች» ይለን ነበር። ከላይ ዋንዛው፣ ከታች አደዩ።

ከብቱም ይበላል። በጋ ላይ ሣር ሲጠፋ ቅጠሉ ተቆርጦ ይሰጣቸዋል፣ የረገፈውን ደግሞ ራሳቸው ይለቅሙታል። እና ይህ ርግፍ ቅጠል ለብቻው ሊወራለት ይገባል።

ዋንዛ ቅጠሉን የሚያረግፍ ዛፍ ነው። ብዙ ሰው ቅጠል የሚያረግፍ ዛፍ ሲባል የፈረንጅ አገር ዛፍ ይመስለዋል፣ በብርድ ምክንያት የሚራቆት። የእኛዎቹ የሚያረግፉት በድርቅ ምክንያት ነው። ቅጠል ውሃ ያተናል፣ ያን ያህል ሰፊ ቅጠል ደግሞ ብዙ ውሃ ያተናል። መሬቱ ሲደርቅ ዛፉ ቅጠሉን ጥሎ ውሃውን ይቆጥባል፣ ዝናብ ሲቃረብ እንደገና ያወጣል። ለገበሬው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቅጠሉ ማሳው ላይ ወድቆ ይበሰብሳል፣ አፈሩን ያዳብራል። ማሳችን ላይ ከዋንዛው ሥር ያለው በቆሎ ከሌላው ወፍራምና ጥቁር አረንጓዴ ነበር። አባቴ ሲያርስ ዙሪያውን ይዞራል እንጂ አይነካውም። ጎጃም ውስጥ በመኪና ስታልፉ ማሳ መሀል ተበትነው የቆሙ ዛፎች ታያላችሁ፣ ከእነሱ ብዙዎቹ ዋንዛ ናቸው። ሰው አስቦ የተዋቸው ናቸው። አፈሩ ከዛፉ ሥር እንደሚዳብር ተመራማሪዎችም ለክተው አረጋግጠዋል፣ አባቴ ግን ከበቆሎው ነበር የሚያነበው።

ቡና ያለበት አገርም እንዲሁ ነው። ከጅማ እስከ ኢሉባቦር፣ ሲዳማና ጌዴኦም ብትሄዱ ቡናው ከላዩ ጥላ የሚሆንለት ዛፍ ይፈልጋል፣ ዋንዛ ከተመራጮቹ አንዱ ነው። ዘጌም አይቼዋለሁ። ጣና ዳር ያለው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ማረስ በገዳማቱ ሥርዓት የተከለከለ ስለሆነ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ቡና በጫካ ሥር ነው የሚተክለው። እዚያ ገብታችሁ ቀና ብትሉ ከላይ ከሚጋርዷችሁ መሀል ዋንዛ አለ። ማለት የፈለግሁት፣ ጠዋት የምንጠጣው ቡናም ውስጥ የዋንዛ እጅ አለበት።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልግባ።

እንጨቱ በጣም ጥሩ ነው። ይህን አልክድም። ለመሥራት ይመቻል፣ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም፣ ሲለሰልስ ቀይ ቡናማ ቀለሙ ያምራል። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ገበታ፣ ሙቀጫ፣ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሳይቀር ከእሱ ይሠራል። ለዚህ ነው ያለቀው። በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ፣ ቁጥር 94፣ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከሐበሻ ጽድ ጋር አንድ ላይ አድርጎ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አራቱ ተለይተው የተጠሩት ያለምክንያት አይደለም።

የእኛ የጓሮው ዋንዛ ግን ደን ውስጥ አልነበረም። የእኛው ነበር፣ የቆረጥነውም እኛው ነን። እኔ ሁለተኛ ደረጃ እየተማርኩ ሳለ ቤተሰቡ ገንዘብ ቸገረው፣ የወንድም ጋሼ ሠርግም ደርሶ ነበር። ገዥ መጣ፣ ግንዱን በክንዱ አቅፎ ለካ፣ ዋጋ ተነጋገሩ። እምዬ ያን ቀን ከቤት አልወጣችም። ዛፉ ሲወድቅ የተሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፣ ቀጥሎ ያለውን ዝምታ ግን ከድምፁ በላይ አስታውሰዋለሁ። ወቅቱ ኅዳር ነበር፣ ጥሬው ፍሬ እንዳለ መሬት ላይ ተበተነ። ማንንም አልወቅስም፣ ሠርጉም መደረግ ነበረበት። ነገር ግን ያኔ ሒሳቡ ላይ የገባው ጣውላው ብቻ ነው። ፍሬው አልተቆጠረም፣ ማሩ አልተቆጠረም፣ ቅጠሉም ጥላውም አልተቆጠረም። ቢቆጠር ኖሮ ምናልባት በሬ እንሸጥ ነበር።

ፍሬውን ዋጋ ስለማንሰጠው ነው እንጂ ዋጋ የሌለው ሆኖ አይደለም። ሕንዶች የዋንዛን የቅርብ ዘመድ፣ ኮርዲያ ሚክሳ የሚባለውን፣ ጥሬውን ለቅመው በቅመምና በዘይት ያቆዩታል፣ ዓመቱን ሙሉ ከምግብ ጋር ይበሉታል። ራጃስታንና ጉጃራት ውስጥ ገበያ ላይ በኪሎ የሚሸጥ ነገር ነው። እኛ ጋ ግን ዋንዛ «የልጆች ምግብ» ነው፣ ትልቅ ሰው ሲበላ ቢታይ ያፍራል። አንድ ነገር የልጆችና የእረኞች ምግብ ከተባለ በኋላ ማዕድ ላይ እንዲወጣ ማድረግ ከባድ ነው። ሽሮና ጎመን እንኳን የተከበሩት በጾም ምክንያት ይመስለኛል።

እኔ ካቻምና ሞከርኩ። ጥር ላይ አገር ቤት ሄጄ ስመለስ ከማሳው ዛፍ የተለቀመ ሁለት ኪሎ የሚያህል ይዤ መጣሁ። ጭማቂ ላድርገው አልኩ። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አሸሁትና በወንፊት ላወርደው ስል ዝልግልጉ ወንፊቱን ደፈነው፣ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ ለአንድ ሰዓት ተውኩት፣ ከዚያ በእጄ ቀስ እያልኩ አሸሁት፣ በሳሳ ነጠላ አድርጌ ጨመቅሁት። ይህኛው ሠራ። የወጣው ወፈር ያለ፣ ቢጫ፣ ተልባ የሚመስል መጠጥ ነው። ለብቻው ትንሽ ይከብዳል። ሎሚ ሲገባበት ግን ሌላ ነገር ሆነ፣ ጎምዛዛው ዝልግልጉን ያቀለዋል፣ ጣፋጩንም ያወጣዋል። ስኳር አልጨመርኩም፣ አያስፈልገውም። ልጄ ሁለት ብርጭቆ ጠጣች።

ከጭማቂው የተረፈውን በትንሽ እሳት ላይ እያማሰልኩ አወፈርኩት። ቶሎ ይይዛል፣ ምክንያቱም ሲጀመርም ወፍራም ነው። እያማሰላችሁ ካልቆማችሁ ከሥር ያራል። ዳቦ ላይ ቀብተን ለሦስት ቀን በላነው። ከዚያ በላይ ስንት ቀን እንደሚቆይ ለማየት የተረፈ አልነበረም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ዋንዛን የማታውቁት ከሆነ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሄዳችሁ ልቀሙ። ይህ ለሁሉም የዱር ፍሬ ይሠራል። ቢጫ ፍሬ ሁሉ ዋንዛ አይደለም፣ የሚጎዳም አለ። መለያው ሰፊው ሸካራ ቅጠል፣ ፍሬውን የምትይዘው ጽዋ፣ ውስጡ ያለው ዝልግልግና ጠንካራው ዘር ነው፣ አራቱ አንድ ላይ።

ከሁለቱ ኪሎ የቀረው ዘር ነበር፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ። ልጥለው ስል እጄ እምቢ አለኝ። በአመድ እያሸሁ ዝልግልጉን አስለቀቅሁት፣ አጠብኩት፣ ጥላ ላይ አደረቅሁት። ሃያውን በሃያ የወተት ላስቲክ ዘራሁ። ዘሩ ጠንካራ ነው፣ አይቸኩልም። አንድ ወር አለፈ፣ ምንም የለም። ውሃ ማጠጣቱን ልተወው ስል አንዱ ብቅ አለ፣ ከዚያ በሳምንት ውስጥ ሰባት ሆኑ፣ በመጨረሻ አሥራ አንድ። እናንተ ከሞከራችሁ በአንድ ወር ተስፋ አትቁረጡ። ገጠር ያላችሁ ደግሞ ከዛፉ ሥር ወፍ ዘራሹን ፈልጋችሁ ከነአፈሩ አንስታችሁ ብትተክሉት ይቀላችኋል፣ አባቴም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ሐምሌ ላይ ሁለቱን ግቢያችን ውስጥ ተከልናቸው። ሌሎቹን ለሥራ ባልደረቦቼና ለሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ። አዲስ አበባ ለዋንዛ ትንሽ ይበርዳል፣ ግን ይበቅላል፣ አሮጌ ግቢዎች ውስጥ ትልልቁን አይቻለሁ። በክረምቱ ጥሩ አደጉ። ጥር ላይ አንዱ ቅጠሉን አንድ በአንድ መጣል ጀመረ። ልጄ እያለቀሰች መጣች። «እማ፣ የኔው ሞተ» አለችኝ። በጥፍሬ ልጡን ጫር አድርጌ አሳየኋት፣ ውስጡ አረንጓዴ ነው። አልሞተም፣ ተኝቶ ነው፣ ዝናብ እየጠበቀ ነው አልኳት። አላመነችኝም። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ሄዳ ታየው ነበር። መጋቢት መጨረሻ ላይ ሁለት ቀን ዘነበ። በሦስተኛው ሳምንት ጫፉ ላይ የአይጥ ጆሮ የምታህል ቅጠል አወጣ።

እስኪያፈራ ዓመታት አሉት። እስከዚያው አገር ቤት ያሉት ሁለቱ አሉ፣ የማሳዎቹ። የአባቴ እህት ትናንት ማታ ደውላልኝ ነበር። ዘንድሮ አበባው ብዙ እንደነበር፣ ዝናቡም እንዳላራገፈው፣ ፍሬው አሁን መብሰል እንደጀመረ ነገረችኝ። «በአውቶቡስ ልላክልሽ እንዴ የኔ ዓለም?» አለችኝ። «ላኪልኝ እትዬ» አልኳት። «ግን ከነጽዋው ይሁን፣ ከወጣ መንገድ ላይ ይጣበቃል።» ሳቀችብኝ። «ይሄን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አለች። በቅል አድርጌ፣ አፉን በቅጠል ደፍኜ እልከዋለሁ፣ ቅዳሜ መናኸሪያ ጠብቂ ብላኛለች።